ሸራው ላይ ቆመው መሰከሩ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ከሥራዬ ጋር ስለሚነካካ አንድ ሥዕል ላጫውታችሁ ነው። እንደምታውቁት እዚህ ሜልበርን የምተዳደረው በአስተርጓሚነት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሥዕሉ ንጉራራ ይባላል። አገር፣ ቤት እንደማለት ነው። ወርዱ 8፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው። በ1997 ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ታላቁ አሸዋማ በረሃ ውስጥ፣ ፒርኒኒ የሚባል ቦታ ላይ ተሳለ። ሸራውን መሬት ላይ ዘረጉት። ወደ 40 የሚጠጉ የአገሬው ተወላጆች ላዩ ላይ ተቀምጠው ሳሉት፤ ብዙዎቹ አዛውንት ናቸው። ክፍት ቦታ አገኘሁ ብሎ መሳል የለም። ሁሉም የሚስለው የራሱን ወገን ውሃና ምድር ነው።

ለምን ሳሉት? መሬታቸውን ለማስመለስ። በ1993 የወጣው ሕግ ለነባር ሕዝቦች የመሬት መብት እውቅና ይሰጣል፤ ግን ማስረጃ አምጡ ይላል። ጉዳዩ የሚታየው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። እነሱ የሚናገሩት ዋልማጃሪ፣ ዋንካጁንጋ፣ ማንጋላና ጁዋሊኝ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ማስረጃቸው አደረጉት። ጉዳዩን የሚሰሙት ሰዎች እዚያው በረሃው ድረስ ሄዱ። ምስክሮቹ ተራ በተራ ሸራው ላይ ወጡ። እያንዳንዱ የሳላት ቦታ ላይ ቆሞ፣ ስለዚያች ምድር በገዛ ቋንቋው ተናገረ። ከዚያ ተተረጎመ።

እኛ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እንል የለ? ድሮ ርስት የሚሟገት ሰው አያት ይቆጥር ነበር። እነሱ ውሃ ቆጠሩ።

የማይደርቀውን ምንጭ ጂላ ይሉታል። ዝናብ የሚያመጣ እባብ ይኖርበታል ብለው ያምናሉ። ሲጠጉት ዝም ብለው አይደርሱም፤ ድምፅ አሰምተው፣ በቋንቋቸው ያናግሩታል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ቋንቋው ከጠፋ ውሃውን ማን ያናግረዋል?

ሸራውን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ መስመር አለ። የካኒንግ የከብት መንገድ ነው። ካኒንግ የተባለው ቀያሽ በ1906 በረሃውን ሲያጠና፣ ውሃ የት እንዳለ እንዲያሳዩት የአገሬውን ሰዎች በሰንሰለት ያስር ነበር። ሠዓሊዎቹ ያንን መስመር አልተዉትም። ሳሉት።

ፍርዱ የመጣው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2007 ነው። ከ70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መሬት ባለመብት መሆናቸው ጸደቀ። ከሳሉት መካከል ያንን ቀን ሳያዩ ያለፉ አሉ። ይሄን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

አንድ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት እናት አስተረጉም ነበር። ቅጹ የትውልድ ቦታ ይጠይቃል። ለመልሱ የተተወችው አንዲት መስመር ናት። እማማ ጀመሩ። «ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙን ስትሻገር፣ ትልቁ ዋርካ አለ…» እጃቸው ጠረጴዛው ላይ መንገዱን ይከተላል። እዚህ ጋ ወንዙ፣ እዚህ ጋ የአባታቸው ማሳ። ሠራተኛው ሰዓቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ኢትዮጵያ» አልኩት።

እማማ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ ዋርካውንም ነገርከው?» አሉኝ።