ስስ አየር ላይ የሚግል ካርድ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ከድምፄ ጀርባ እንደ ሹክሹክታ ያለ ነገር ከሰማችሁ ማይኩ አልተበላሸም። ኮምፒውተሬ ናት። በመጨረሻ ገጠምኳት።

እኔ ጌም የለመድኩት ሰፈር ውስጥ፣ ጌም ቤት ነው። ተራ ትጠብቃላችሁ፣ በጨዋታ ትከፍላላችሁ፣ ከተሸነፋችሁ ተነስታችሁ ቆማችሁ ታያላችሁ። ከዚያ ላፕቶፕ መጣ፤ ጌም ሲከፈትበት ጭን የሚያቃጥል ዓይነት። አንድ ቀን ምንም ሴቲንግ ዝቅ ሳላደርግ የምጫወትበትን የራሴን ኮምፒውተር እገጥማለሁ የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ከድሮም አብሮኝ አለ። «በዚህ ዕድሜህ ለጌም ይሄን ሁሉ ብር?» ያላለኝ ሰው የለም። ልክ ናቸው። ግን ገዛሁ።

ስለ ዋጋ ዛሬ አላወራም፤ ሆዴን ያመኛል። ማውራት የፈለግኩት ስለ ሙቀት ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ስንት ፍሬም ትሰጣለች?» ብሎ ነው፤ በሰከንድ ስንት ምስል ታሳያለች ማለት ነው። እኔ ግን ዕቃ ስመርጥ ብዙ ያመሸሁት «ስንት ዋት ትበላለች?» በሚለው ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ነዋ። ከሶኬት 450 ዋት ከሳበች፣ 450 ዋት ሙቀት ክፍላችሁ ውስጥ ትለቃለች። የትም አይጠፋም። ማቀዝቀዣ የምንለው ዕቃ ሙቀቱን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ማድረስ ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ ኩለር ማለት ሁሉም ተገዝቶ ብር ከተረፈ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ካርዱን፣ ማለትም የጌሙን ምስል የሚሥለውን ግራፊክስ ካርድ፣ የመረጣችሁ ቀን፣ ሳታውቁት ማቀዝቀዣውንም መርጣችኋል።

ምርጫውን የጀመርኩት ከስክሪኑ ነው። 27 ኢንች፣ 2560 በ1440 ፒክስል። ለምን 4ኬ አልሆነም? 4ኬ ላይ ካርዱ በእያንዳንዱ ፍሬም የሚሥላቸው ፒክስሎች ከዚህኛው 2.25 እጥፍ ናቸው። ያ ልዩነት ቀጥታ ወደ ዋት ይሄዳል። እኔ ደግሞ በዚያ ስፋት፣ ከምቀመጥበት ርቀት ልዩነቱ ዓይኔን ያን ያህል አይስበውም። ትልቅ ቲቪ ላይ ለሚጫወት ሌላ ወሬ ነው።

ከዚያ ካርዱ። ኤንቪዲያ በጃንዋሪ 2025 ያወጣው አርቲኤክስ 5090 አለ። 32 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ መነሻ ዋጋው 1,999 ዶላር፣ የሚወስደው ኃይል ደግሞ 575 ዋት። አንድ ካርድ ብቻውን! መጀመሪያ ልቤ እሱ ላይ ነበር፣ አልዋሽም። ግን 575 ዋት የሚለውን ቁጥር ሳየው ያሰብኩት ጌሙን አይደለም፤ ክፍሌን ነው። ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ማታ በወባ ትንኝ ሳይሆን በጎረቤት ውሻ ምክንያት የሚዘጋ። አርቲኤክስ 5070 ቲአይ 300 ዋት ነው፣ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። ለመረጥኩት ስክሪን ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። እሱን ወሰድኩ።

ፕሮሰሰሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ እስከ 253 ዋት ድረስ ይሄዳል። የኤኤምዲው ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ፣ በኖቬምበር 2024 የወጣው፣ ለጌም ከእሱ ይበልጣል፤ ጌም ላይ የሚወስደው ኃይል ግን በጣም ያነሰ ነው። ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ብትሉኝ እንከራከር ነበር። ለጌም ግን ክርክር የለውም። ደስ ያለኝ ሌላም ነገር አለ። ከእሱ በፊት በነበረው 7800ኤክስ3ዲ ላይ ፕሮሰሰሩ ቶሎ የሚያነብበት ተጨማሪ ካሽ ሚሞሪ የተነባበረው ሥራውን ከሚሠሩት ኮሮች በላይ ነበር፤ ሙቀቱ ለመውጣት እሱን ማለፍ ነበረበት። በአዲሱ ከሥር አድርገውታል። ኮሮቹ አሁን ለኩለሩ ቅርብ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈች ከተማ ናት። ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ የሚፈላው ለዚህ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እዚህ፣ በተመሳሳይ የክፍል ሙቀት፣ 0.9 አካባቢ ነው። ሩቡ የለም ማለት ነው።

ፋን ይህን አያውቅም። በደቂቃ 1,000 ዙር ዙሪ ካላችሁት፣ ጅቡቲ ወደብ ላይም እንጦጦ ላይም የሚገፋው የአየር መጠን ያው ነው። ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ «ይሄ ኩለር ፕሮሰሰሩን በዚህ ዲግሪ ያዘው» የሚለው ፈተና እኛ ጋ ሲመጣ በቀጥታ አይሠራም። አብዛኛው የሚፈተነው ከእኛ በጣም ዝቅ ባለ ከተማ ነው። ያንኑ ውጤት እዚህ ለማግኘት ወይ ፋኑን ማፍጠን፣ ወይ ተለቅ ያለ ኩለር መግዛት፣ ወይ ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ነው።

«ታዲያ በውሃ የሚቀዘቅዘውን ለምን አትገዛም?» አሉኝ። ሁሉም። ትልቅ ኮምፒውተር ያለ ራዲያተር የማይሆን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ግን የውሃው መጨረሻም አየር ነው እኮ! ውሃው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ራዲያተሩ ጋ ይወስዳል፤ ከራዲያተሩ ወደ ክፍሉ የሚያወጣው ያው ፋን፣ ያው ስስ አየር ነው። ከፍታውን አያመልጠውም። ሁለተኛ፣ ለየትኛው ዕቃ ነው የምንገዛው? ጌም ላይ ካርዱ 300 ዋት እየተፋ ፕሮሰሰሩ መቶ እንኳ አይሞላም። በብዙ ብር ትንሹን ምድጃ እያቀዘቀዝን ትልቁን መርሳት ነው የሚሆነው።

ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ የእኛው አገር ነው። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ይሞታል። ውሃው በቱቦው ግድግዳ በኩል እየሾለከ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ያኔ ዋስትናውን ይዤ የት ልሂድ? ብረቱ ብቻ የሆነ ኩለር ላይ ግን የሚሞተው ፋኑ ነው፤ እሱን ከየትም ፈልጌ እተካዋለሁ። ለመልኩ ብሎ የሚገዛ ካለ ግን አልቃወምም፣ ያምራል። ብቻ ራዲያተሩን የኬዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ጣሪያ ላይ እሰሩት። ፓምፑ የሁሉም ከፍተኛ ቦታ ላይ መሆን የለበትም፤ ውስጥ ያለችው ትንሽ አየር እሱ ጋ ትሰበሰባለች።

እኔ ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ወሰድኩ። የኦስትሪያ ኩባንያ ነው፤ ፋኖቹ ያ የታወቀ ቡናማ ቀለም ያላቸው። ያመጣችልኝ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ከነፋኑ 1.32 ኪሎ ይመዝናል። ሻንጣ ስታዘጋጅ ደወለችልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ምንድነው? ኮምፒውተር ነው ያልከኝ፣ የመኪና ሞተር ነው እንዴ?»

«እህቴ፣ እሱ ማቀዝቀዣው ነው።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ትንሿ ካርቶን ውስጥ ያለችው፣ የእጅ መዳፍ የምታክለዋ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ለእማዬ የገዛሁትን ሹራብ ላወጣልህ ነው ማለት ነው» አለችኝ። ሹራቡም መጣ፣ ኩለሩም መጣ። እግዜር ይስጣት።

ይሄን ኩለር ለምታስቡ፣ ሁለት ነገር ለኩ። ቁመቱ 165 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠባብ ኬዝ ውስጥ ክዳኑ አይዘጋም። ሌላው ራሙ፣ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሚሞሪ፣ ነው። ሁለቱንም ፋን ስታደርጉ የፊተኛው ፋን ራሙ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት 32 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያ በቀለም የሚያበራ ረጅም ራም አይገባም። እኔ አጭሩን፣ መብራት የሌለውን ዲዲአር5 ገዛሁ። ጨለማ ውስጥም ያው ይሠራል።

ኬዙን እዚሁ ነው የገዛሁት። ሱቁ ውስጥ የተደረደረው ሁሉ ፊቱ መስታወት ነው። ልጁ አንዱን ሶኬት ላይ ሰክቶ በሰባት ቀለም አበራልኝ። እጄን ፊት ለፊቱ ላይ አደረግኩ። ምንም ንፋስ የለም። መስታወቱ ጠርዝ ላይ ጣት የማታስገባ ክፍተት አለች፤ ፋኖቹ የሚተነፍሱት በእሷ ነው። «ፊቱ ወንፊት የሆነ የለህም?» አልኩት። «አለ፣ ግን እሱ መብራት የለውም እኮ!» ብሎ ከመጋዘን አቧራ የለበሰ ካርቶን አወጣልኝ። እንዲያውም ቀነሰልኝ።

ፊት ላይ ሁለት 140 ሚሊ ሜትር ፋን፣ ኋላ አንድ 120። የሚያስገባው ከሚያስወጣው ይበልጣል፤ ይሄ ሆን ተብሎ ነው። ውስጡ ያለው ግፊት ትንሽ ከፍ ሲል አየሩ በየክፍተቱ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይስብም። ስለዚህ የሚገባው አየር ሁሉ በማጣሪያው በኩል ብቻ ይገባል። ሰፈራችን በግንባታ ላይ ነው፤ በበጋ አቧራውን ታውቁታላችሁ። ማጣሪያው በማግኔት የሚለጠፍ ቢሆን ይመረጣል። ነቅሎ፣ አራግፎ መመለስ ነው።

አየሩ የምፈልገው ቦታ እየሄደ መሆኑን ያየሁት በሰንደል ነው። አንድ ሰንደል ለኩሼ ፊቱ ጋ አስጠጋሁ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ የነበረው፣ ወንፊቱ ጋ ሲደርስ ተጣጠፈና ገባ። በጎኑ መስታወት ውስጥ ከካርዱ ሥር ሲያልፍ ይታያል፤ የካርዱ ፋኖች ይስቡታል፣ ከዚያ ኩለሩ ውስጥ አልፎ በኋላ ይወጣል። ቀጥሎ ሰንደሉን ኋላ ያሉት ትንንሽ ክፍተቶች ላይ አዞርኩት። ጭሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቢስበው ኖሮ ግፊቱ ተገልብጧል ማለት ነበር። እማዬ ብቅ ብላ «ደግሞ ለማሽን ማጠን ጀመርክ?» አለችኝ። ቶሎ አጠፋሁት፤ የሰንደል ጭስ ሲበዛ ፋን ላይ ይለጠፋል፣ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

እማዬ ሌላም ስጋት ነበረባት፤ ቆጣሪው። «ይሄ ነገር ከምጣድ ይብሳል» ትላለች። አይብስም። የመብራት ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ የእኔዋ ጌም ላይ ሆና የዚያን ሩብ እንኳ አትሞላም። ችግሩ ሌላ ነው። ምጣዱ ሲበራ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ ይላል፣ ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ሳጥን፣ «ቀጭ» ይላል። ቮልቴጁ ወርዶ ነው። ዩፒኤስ ስትገዙ ታዲያ ቪኤ የሚለውን ትልቅ ቁጥር ትታችሁ ዋቱን እዩ፤ የሚያወጣው ሞገድም ንጹሕ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም ለስላሳ ሞገድ፣ ይሁን። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ በሸካራው ሞገድ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ያውም መብራት በሄደበት ሰዓት። ፓወር ሰፕላዩን 850 ዋት አደረግኩት። ግማሹ አካባቢ ሲሠራ ፋኑ አይጮኽም።

ስለ ካርዱ ኬብል አንድ ነገር ብቻ። በ2022 መጨረሻ አርቲኤክስ 4090 ሲወጣ ባለ16 ፒኑ መሰኪያ የቀለጠባቸው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ መሰኪያው ተሻሽሏል። አሁንም ግን እስከ መጨረሻው ገብቶ ክፍተት እንደማይታይ በባትሪ አብርታችሁ አረጋግጡ፤ ኬብሉንም ሥሩ ላይ አትጠፉት።

የመጨረሻው የማቀዝቀዝ ሥራ በሶፍትዌር ነው፣ ነጻም ነው። የካርዱን ኃይል ወደ 80 በመቶ ገደብኩት። 300 የነበረው 240 ዋት ሆነ። የጠፉት ፍሬሞች በዓይን የማይለዩ ናቸው፤ 60 ዋት ሙቀት ግን ከክፍሌ ወጣ። በስስ አየር ላይ ከዚህ የተሻለ ኩለር ብር ከፍላችሁም አታገኙም። የኬዙ ፋኖች ደግሞ የካርዱን ሙቀት እንዲከተሉ አድርጌያለሁ እንጂ የፕሮሰሰሩን አይደለም። የፕሮሰሰር ሙቀት ብሮውዘር ስትከፍቱ ሁሉ ይዘላል፤ ፋኑም አብሮት ሲነሳ ሲወድቅ ጆሮ ያደክማል። አሁን ማታ፣ ክፍሉ 19 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ካርዱ ከ70 በታች ነው። የከፍታችንን ዕዳ የአዲስ አበባ ብርድ ትንሽ ይከፍልልናል፤ ዕቃው ስንት ዲግሪ ደረሰ የሚለው መነሻው የክፍሉ ሙቀት ነውና።

ድሬዳዋ ያላችሁ ወንድሞቼ ሂሳቡ ይገለበጥባችኋል። ከተማችሁ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ከእኛ ወፈር ይላል፣ ፋኑ የተሻለ ይሸከምላችኋል። ግን ክፍላችሁ 32 ዲግሪ ከሆነ ገና ሳትጀምሩ ከእኔ 13 ዲግሪ ትቀድማላችሁ። የካርዱን ኃይል ገድቡ፣ ኬዙንም ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፣ ወደ መስኮቱ አዙሩት። ለክረምት ስለ እርጥበትና ስለ ዝገት በሌላ ክፍል እመለስበታለሁ። በሉ ቻው።