«ተሠርታለች»

... እሺ፣ እየቀዳ ነው። ባጃጆቹ ዛሬም አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ። መስኮት እንዳልዘጋ የአዳማ ሙቀት ነው።

ስለ አሮጊቷ መኪናዬ፣ ስለ ላንድክሩዘር 75ቷ ነው። ባለፈው «ተሠራች፣ ተገላገልን» ብያችሁ ነበር አይደል? እሷን ቃል መመለስ ፈልጌ ነው።

መልካሳን አልፈን ወደ ዴራ እየሄድን ነው። እማዬ ጎኔ ናት፣ እግሯ ሥር ለአራሷ እህቴ የያዘችው የገንፎ ዱቄት አለ። 70 ላይ ነኝ፣ ከዚያ አልበለጥኩም። አስፋልቱ ላይ አንዲት እብጠት አለች፣ ትንሽዬ። የግራው ጎማ ነካት። መሪው እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ... አይ፣ መንቀጥቀጥ አይደለም። ጎማዎቹ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ መሪው ከእጄ ሊነጠቅ፣ ዳሽቦርዱ ሊፈርስ። እግሬ ፍሬን ሊረግጥ ሄደ፣ መለስኩት። ነዳጁን ለቀቅኩና መሪውን ብቻ ያዝኩ። 60፣ 50፣ 40... ወደ 30 ሲወርድ ፀጥ። ከእማዬ አፍ አንዲት ቃል አልወጣም። ዞራ አየችኝ። ቁጣ ቢሆን እኮ ይቀለኝ ነበር።

ጠዋት ስንነሳ ጠይቃኛለች። «ልጄ፣ ተሠርታለች?» አለችኝ። «ተሠርታለች» አልኳት።

ምን ነበር የተሠራው? መጀመሪያ ጎሚስታው ጋ ባላንስ አስደረግኩ፣ ትንሽ ተሻለ። ከዚያ አንድ ጋራዥ የመሪውን አሞርዛተር ቀየሩልኝ፣ በቃ፣ መሪው እንደ ቅቤ ሆነ። ግን አሞርዛተሩ እኮ ንዝረቱን ያፍነዋል እንጂ ምክንያቱን አያድነውም። ሌላ ቦታ የላላ ነገር ካለ፣ አዲሱ ለጊዜው ይሸፍንላችኋል።

የላላውን ያገኘው አንድ ልጅ መካኒክ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ እየሠራ እኔን መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ አስባለኝ፣ እሱ ከሥር ተኝቶ የመሪ ዘንጎቹን ጫፎች እያየ። ደህና ናቸው። ከዚያ በክሪክ አነሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው። ይንቃቃል። «ፍሬን ርገጥልኝ» አለኝ። ረገጥኩ። አሁንም ይንቃቃል! ፍሬን ሲረገጥ ቢጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነበር፤ ስላልጠፋ፣ ጎማው የሚዞርበት አንጓ ላይ ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው። ተበልተዋል። የ75ቷ የፊት አክስል ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ስለሆነ እነዚህ ኩሽኔታዎች አሏት። አዲስ ገቡ፣ ሺም በሚባል ስስ የብረት ቁራጭ ጥብቀታቸው ተስተካከለ፤ ጥብቀቱም በሚዛን እየተሳበ ነው የሚለካው፣ በግምት አይደለም።

ደግሞ እናንተ መኪናው ከፍ እንዲል ባሌስትራ ያስነሳችሁ ልጆች፣ ስትጽፉልኝ ሁሌ አሞርዛተር ነው የምትጠይቁኝ። እባካችሁ የአክስሉን ዘንበል፣ ካስተር የሚሉትን፣ አስለኩ። እሱ ከተበላሸ መሪው ወደ መሃል አይመለስላችሁም፣ እና ጎማ ስትቀይሩም... ተዉት፣ ሌላ ቀን።

የሚከነክነኝ ግን፣ አሞርዛተሩ በተቀየረ በሁለተኛው ቀን፣ ከወንጂ ስመለስ፣ ትንሽ ተሰምቶኝ ነበር። ትንሽ። መንገዱ ነው አልኩ። ታዲያ «ተሠርታለች» ስላት ዋሸኋት? አላውቅም። የማምን ይመስለኝ ነበር። ወይም ማመን ፈልጌ... ገንዘቡም እኮ አልቆ ነበር።

አሁን በእውነት ተሠርታለች። እስከ ሞጆ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ እጄን ፈታ አድርጌ ነው የያዝኩት። ለእማዬም ነገርኳት። «ጎሽ» አለችኝ። ቅዳሜ አሰላ ስትሄድ ግን ሚኒባስ ይዛ ሄደች። «አንተ ሥራ አለህ ብዬ ነው» አለች።

ቅዳሜ ሥራ እንደሌለኝ ታውቃለች። መናኸሪያ ድረስ ዱቄቱን ተሸክሜ ሸኘኋት፣ እና... ቆይ፣ ስልክ ነው። እሷ ናት።