ሳያካፍሉ መፈተሽ፦ 9፣ 11 እና የአሃዝ ድምር

እሷ፦ ዛሬ ካልኩሌተር የለም፣ ያ ረጅሙ ማካፈልም የለም። በል፣ 4,572 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል?

እሱ፦ ይካፈላል። 4፣ 5፣ 7 እና 2 ሲደመሩ 18። 18 የ9 ብዜት ነው፣ አለቀ።

እሷ፦ ይህንማ ሁሉም ያውቀዋል። ለምን እንደሚሠራ ስትጠይቅ ነው ጸጥ የሚለው።

እሱ፦ እሺ፣ ከ4,000 እንነሳ። 4 ጊዜ 1,000 ነው አይደል? 1,000 ደግሞ 999 ሲደመር 1። 999ኙ ለ9 እኩል ስለሚካፈል እርሺው፣ ስለዚህ ከ4,000 የሚተርፈው 4 ብቻ ነው፤ ከ500 ደግሞ 5፣ ከ70 7፣ መጨረሻ ላይ 2። አሃዞቹን ደመርኩ ስትዪ ቀሪዎቹን እየደመርሽ ነው።

እሷ፦ ለ3ም ያው ነው። ለ4 ግን ድምሩ አይጠቅምህም። 100 ራሱ ለ4 ስለሚካፈል የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ታያለህ።

እሱ፦ ለ12ስ?

እሷ፦ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው። ለ2 እና ለ6 ሞክሮ ካለፈ ጨረስኩ ይላል። 18 ለሁለቱም ይካፈላል፣ ለ12 ግን አይካፈልም። 3 እና 4 ነው የሚያዋጣህ።

እሱ፦ የ7ቱን ንገሪያቸው።

እሷ፦ የመጨረሻውን አሃዝ በ2 አባዝተህ ከቀረው ላይ መቀነስ። 1,036 ከሆነ ከ103 ላይ 12 ስትቀንስ 91፣ እሱም 7 ጊዜ 13። ይሠራል፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ማካፈሉ ይሻላል።

እሱ፦ ሃሃ፣ ልክ ነሽ። እኔ የምወደው ማባዛት የሚፈተሽበትን ነው። 347 በ58 ሲባዛ 20,126 ነው። አሃዞቹን አንድ አሃዝ እስኪቀር ደምሪ፤ 347 5 ይሆናል፣ 58 4። 5 ጊዜ 4 ሃያ፣ እሱም 2። የመልሱም ድምር 11፣ እሱም 2። ገጠመ።

እሷ፦ ተሳስተህ 20,216 ብትጽፍስ? ድምሩ ያው ነው፣ ዘጠኝ አይነቃም።

እሱ፦ 11 ይነቃል። ከቀኝ ጀምረሽ አንዱን ደምሪ፣ ቀጣዩን ቀንሺ። 347 6 ይሰጣል፣ 58 3፤ ብዜታቸው 18፣ 11 ሲቀነስ 7። ትክክለኛው መልስ 7 ይሰጣል፣ ያንቺው 9።

እሷ፦ 20,621 ብልህስ?

እሱ፦ እሱ ሁለቱንም ያልፋል። የመቶ ቤቱና የአንድ ቤቱ ስለተቀያየሩ ልዩነቱ 495 ነው፣ 5 ጊዜ 99። ግን 7 ጊዜ 8 ሃምሳ ስድስት አይደል? መጨረሻው 6 ካልሆነ ምን ፍተሻ ያስፈልገዋል!