ውሃው አለ፣ ገመዱ አጠረ፦ ሥራ ፈላጊው አገልግሎቱ ጋ ለምን አይደርስም?

[መክፈቻ፦ የጉድጓድ አፍ። ባልዲ ቀስ እያለ ይወርዳል።]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ ተመልካቾቻችን? ዛሬ የምናወራው ስለ ሥራ አጥነት ነው፤ ግን ሥራ ለምን ጠፋ የሚለውን አይደለም። ሥራ ያጣ ሰው ሥራ እንዲያፈላልግለት የተቋቋመው ቢሮ ጋ፣ ምዝገባው ጋ፣ ሥልጠናው ጋ፣ ድጎማው ጋ ለመድረስ ለምን ይቸገራል? አገልግሎቱ አለ ይባላል። በሩ ላይም ተጽፏል። ሰውየው ግን አልደረሰም። ለምን?

እስቲ ጉድጓድ አስቡ። ጥልቀቱ አሥር ክንድ ነው። ታች ውሃ አለ፤ ንጹሕ ነው፣ ለሁሉም ይበቃል። እጃችሁ ላይ ያለው ገመድ ግን ዘጠኝ ክንድ ነው። ስንት ውሃ ትቀዳላችሁ? ከአሥር እጅ ዘጠኙን? አይደለም። ምንም! አንዲት ጠብታ አትቀዱም። ባልዲው ውሃው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ይንጠለጠላል፤ ባዶውን ወርዶ ባዶውን ይወጣል። ሁለት ክንድ ገመድ ያለውና ዘጠኝ ክንድ ገመድ ያለው ሰው እኩል ጠምቷቸው ይመለሳሉ። እንዲያውም ባለ ዘጠኙ የባሰ ያሳዝናል፤ ያን ሁሉ ጎትቶ ነው ባዶውን የተመለሰው።

እዚህ ምሳሌ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ገመዱ አንድ ወጥ አይደለም። ቁርጥራጭ ነው፣ በቋጠሮ የተቀጣጠለ። አንዱ ቁራጭ መታወቂያ ነው። አንዱ የሚሠራ ስልክ ቁጥር ነው። አንዱ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ አንዱ ማንበብና መጻፍ፣ አንዱ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው፣ አንዱ በቢሮ ሰዓት ነፃ መሆን። አንዱ ደግሞ ወሬው ራሱ ነው፤ እንዲህ ያለ አገልግሎት መኖሩን ቀድሞ መስማት። የትኛውም ቋጠሮ ቢፈታ ባልዲው አይመለስም። የቀሩት ሁሉ ጠንካራ መሆናቸው የተፈታውን አይተካም።

አሁን ከላይ ሆኖ ጉድጓዱን የሚያስተዳድረውን አስቡት። የሚለካው የውሃውን መጠን ነው። «ጉድጓዱ ሙሉ ነው፣ ሰው ግን አይቀዳም» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ቢሮው የሚቆጥረው መስኮቱ ጋ ደርሶ ቅጽ የሞላውን ነው። ከጥበቃው የተመለሰው፣ ኮዱ ያልመጣለት፣ መሳፈሪያ አጥቶ ከቤት ያልወጣው የትም አልተጻፈም። ማንም ስላልከለከለው ቅሬታ እንኳ የሚያቀርብበት የለውም። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ የጎደለችው አንዲት ክንድ በማንም መዝገብ ላይ የለችም።

[በስክሪኑ ላይ፦ የስልክ ምስል። «የማረጋገጫ ኮድ ያስገቡ»]

አንዱን ቋጠሮ ጠጋ ብለን እንየው። ስልክ ቁጥር። በኢንተርኔት ስትመዘገቡ ቁጥራችሁን ታስገባላችሁ፣ ኮድ በአጭር መልእክት ይመጣል፣ ኮዱን ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ቀላል ነው አይደል? ገቢ የተቋረጠበት ሰው ግን ቶሎ ከሚያቆማቸው ወጪዎች አንዱ የስልክ ካርድ ነው። ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት ሲም ይዘጋል፤ ቁጥሩም ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። አካውንቱ ግን አለ። «የይለፍ ቃል ረሳሁ» ሲል ኮዱ ወደማያውቀው ሰው ኪስ ይሄዳል። አዲስ አካውንት ልክፈት ሲል ደግሞ «በዚህ መታወቂያ የተመዘገበ ሰው አለ» ይለዋል። በአሮጌው አይገባም፣ በአዲሱ አይገባም።

ምን ይደረግ? ቁጥሩ ከመዘጋቱ በፊት አካውንቱ ውስጥ ገብቶ መቀየር፣ ኢሜይል ካለም እንደ ሁለተኛ አድራሻ ማስመዝገብ። ቁጥሩ አስቀድሞ ከሞተ ሁለተኛ አካውንት ለመክፈት አትታገሉ፤ የተደራረበ መዝገብ ሁለቱንም ሊያሳግድ ይችላል። መታወቂያና የምዝገባ ቁጥር ይዛችሁ በአካል ሂዱና «የተመዘገበው ስልኬ ይቀየርልኝ» በሉ። «ልመዝገብ» ካላችሁ የአዲስ ተመዝጋቢ ሰልፍ ላይ ያቆሟችኋል። ጥያቄው ሌላ፣ መስኮቱም ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ከዚህ የሚከፋ አለ። ቅጹን ሌላ ሰው ሲሞላላችሁ! የኢንተርኔት ቤት ልጅም ይሁን ጎረቤት፣ ቶሎ ለመጨረስ ሲል የራሱን ስልክ ወይም ኢሜይል ያስገባል። በክፋት አይደለም፤ ኮዱ እሱ ጋ ቢመጣ ስለሚቀለው ነው። ከወር በኋላ «ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ» የሚለው መልእክትም እሱ ጋ ይመጣል። እሱ ረስቶታል። እናንተ ቤት ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ «ተጠርቶ ያልቀረበ» ይባላል። ስለዚህ «ላክ» የሚለው ከመነካቱ በፊት አንድ ጥያቄ፦ የማን ስልክ ነው ያስገባኸው? አሳየኝ።

[አጭር ሙዚቃ]

እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ቪዲዮውንም ሥራ ለሚፈልግ ሰው ላኩለት። ከእኛ ይልቅ እሱን ይጠቅመዋል።

እሺ፣ አሁን ወደ ሙያ ምደባው፣ ማለትም እያንዳንዱ ሙያ ኮድ ወደሚሰጥበት ዝርዝር፣ ልገባ ነበር፤ ግን ካለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁትን ሳልመልስ አላልፍም። «ሥራ አጥ ሰው ጊዜ ሞልቶታል። ካልተመዘገበ ሥራ አይፈልግም ማለት ነው።» ደጋግማችሁ ጽፋችሁታል፤ እንነጋገርበት።

ጊዜውን እንመልከት። ቋሚ ሥራ የሌለው ሰው ብዙውን ጊዜ ቀኑን ቆራርሶ ይሸጣል፤ ዛሬ ሸክም፣ ነገ እጥበት። የቀን ሠራተኛ የሚመረጠው ጠዋት ነው። ቢሮው የሚከፈተውም ጠዋት ነው። ሰልፍ ላይ የዋለበት ቀን እራት የሌለበት ቀን ነው። «አንድ ኮፒ ጎደለ፣ ነገ ተመለስ» ሲባል ሁለት ቀን ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ባይመጣ ሥራ ስለማይፈልግ ነው?

ምዝገባውስ? የሥራ አጥነት ዓለም አቀፍ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1982 በ13ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ሲወሰን ሦስት ነገር ነው የጠየቀው፦ ሥራ የለውም፣ ለመሥራት ዝግጁ ነው፣ ሥራ እየፈለገ ነው። ቢሮ መመዝገብ ከመፈለጊያ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። የፋብሪካ በር ላይ መቆም መፈለግ ነው። ዘመድ ወዳጅ መጠየቅ መፈለግ ነው። በዚያው መለኪያ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ አንዲት ሰዓት ለክፍያ የሠራ ሰው ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም፤ ቢሮ ተመዝግቦ ቢሆንም! የቢሮው ቁጥርና በዚህ መለኪያ ሥራ አጦችን የሚቆጥረው የቤት ለቤት ጥናት ቁጥር የማይገጥሙት በዚህ ነው።

አሁን የሚያመውን ስሙ። መፈለግ ያቆመ ሰውስ? ሥራ ይፈልጋል፣ ዛሬ ቢጠሩት ይሄዳል፣ ግን ተመላልሶ ታክቶት ተወው። ይሄ ሰው ከሥራ አጦች ቁጥር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተሰበሰበው 19ኛው ጉባኤ እንዲህ ያሉትን «እምቅ የሰው ኃይል» በሚል ለብቻ እንዲቆጠሩ አድርጓል፤ ዜና ላይ የሚነበበው መቶኛ ውስጥ ግን የሉም። በሌላ አነጋገር፣ ገመዱ አጥሮበት የተወ ሰው ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። «ሥራ አጥነት ቀነሰ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ሥራ የያዘው ስንት ነው፣ መፈለግ የተወውስ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ደግሞም ቢሮው ቅርብ ይሁን ማለት ቅንጦት አይደለም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ስምምነት ቁጥር 88 ነፃ የሕዝብ የሥራ አገልግሎት ይኑር ሲል፣ ቢሮዎቹ እያንዳንዱን አካባቢ ለማገልገል በቂ ይሁኑ፣ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም በሚመች ቦታ ይሁኑ ብሎ ጽፏል። የገመዱ ርዝመት ስምምነቱ ውስጥ አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የ1997ቱ ስምምነት ቁጥር 181 ደግሞ የግል ኤጀንሲዎች ሠራተኛውን እንዳያስከፍሉ ይከለክላል። ከዚህ ክልከላ ውጭ የሚሆኑ ጉዳዮችን መንግሥት ሊፈቅድ ይችላል፤ ስምምነቶቹ የሚያስገድዱትም የተቀበላቸውን አገር ነው። ቢሆንም «መጀመሪያ የመመዝገቢያ ክፈል» ሲሏችሁ ቆም በሉ። ፈቃዱን አሳዩኝ፣ ደረሰኝ ስጡኝ በሉ። ደረሰኝ አንሰጥም ካሉ ውጡ።

ወደ ሙያ ምደባው። ፈጠን እላለሁ። ብዙ የሥራ ማገናኛ ሥርዓቶች የሚያገናኙት በጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ሳይሆን በሙያ ኮድ ነው። ዓለም አቀፉ ምደባ አይስኮ-08 ሙያዎችን በ10 ዋና ክፍሎች ይጀምርና እስከ 436 ዝርዝር ምድቦች ይወርዳል። የራሳችሁን ሙያ አጥታችሁ «ሌላ» የሚለውን ከመረጣችሁ አሠሪው በኮድ ሲፈልግ አትወጡም። ተመዝግባችኋል፣ ግን አትታዩም። በምትሠሩት ተግባር የሚቀርበውን ምረጡ፤ ሁለት ሦስት ሙያ የሚያስገባ ከሆነ ሁሉንም ሙሉ።

የስም ፊደልም አለ። ስም ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ትምህርት ማስረጃው ላይ በሁለት «ኤስ»፣ መታወቂያው ላይ በአንድ ይጻፋል። ለማሽኑ ሁለት ሰው ናችሁ። ሁልጊዜ እንደ መታወቂያው ጻፉ፤ ማስረጃው ከተለየ አንድ ሰው መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ቀድማችሁ ያዙ። ፋይል ከበደ ካለ፣ ወረቀቱን በስልኩ የስካን መተግበሪያ አንሱት፣ ጠረጴዛውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ መጠኑን ቀንሱ። ረጅም ቅጽ ሳትነኩት ከቆየ ይዘጋል፤ መልሱን መጀመሪያ ማስታወሻ ላይ ጽፋችሁ ገልብጡ።

ሲያልቅ የምዝገባ ቁጥሩ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ጠይቁ፦ ምዝገባው እስከ መቼ ያገለግላል? የሚታደሰው ራሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ብዙ ቦታ ካልታደሰ ስማችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ድጎማ ተከልክላችሁ ከሆነ ውሳኔውን ቀን ባለበት ጽሑፍ ውሰዱ። የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው ከአንድ ቀን ነው፤ ያ ቀን ወረቀት ላይ ከሌለ ክርክሩ ከባድ ይሆናል።

ለሌላ ሰው ቅጽ የምትሞሉ ደግሞ፣ ብዙ ናችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የምዝገባ ቁጥሩን፣ የይለፍ ቃሉን፣ የማደሻ ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ እጁ ላይ ስጡት። ማንበብ ባይችልም ስጡት፤ ቢሮው ሲጠይቀው የሚያሳየው ያንን ወረቀት ነው።

በሚቀጥለው ቪዲዮ የሥልጠና ቦታዎችን ውል እናነባለን፤ ውል ካላችሁ ስማችሁን ሸፍናችሁ ላኩልን።