በበረዶ አገር የቆመው የድንጋይ አናናስ

[ምስል፦ ከረጅም የግንብ አጥር በላይ ብቅ ያለ አናናስ]

ይህን አናናስ ልብ ብላችሁ እዩት፤ የድንጋይ ሕንጻ ነው። ከታች እስከ ጫፉ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ አራት ፎቅ ቤት ያክላል። ያለው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤርዝ ከምትባል መንደር አጠገብ፣ በቀድሞው የደንሞር መኳንንት ርስት ላይ ነው። ያሠራው አራተኛው የደንሞር ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ ጆን መሪ ነው። በበሩ ቅስት ላይ 1761 የሚል ዓመት ተቀርጿል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ነው።

ለምን አናናስ? በዚያ ዘመን ብርድ አገር ውስጥ አናናስ ማብቀል የመስታወት ቤት፣ ማገዶና ምድጃውን ሌት ተቀን የሚጠብቅ ሠራተኛ ይጠይቅ ነበር። ገበታ ላይ አንድ አናናስ ከታየ ባለቤቱ ባለጸጋ መሆኑን ማንም አይጠይቅም።

[ምስል፦ በግንቡ አናት ላይ የተደረደሩ የድንጋይ ማሰሮዎች]

እነዚህን አራት ማሰሮዎች አያችኋቸው? ጌጥ ይመስላሉ። የጭስ መውጫ ናቸው! ከታች እሳት ይነድዳል፤ ትኩሱ አየር በግንቡ ሆድ ውስጥ እየዞረ ግንቡን ያግላል፤ ግንቡም በጎኑ ተለጥፈው የነበሩትን የመስታወት ቤቶች ያሞቃል። እዚያ ውስጥ እውነተኛ አናናስ ይበቅል ነበር።

[ምስል፦ አንድ የድንጋይ ቅጠል፣ በጣም በቅርበት]

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ቅጠል ነው። ድንጋይ ላይ ውሃ ካቆረ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፤ ውሃው በረዶ ሲሆን ያብጥና ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ጠራቢዎቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቅጠል ለየብቻ ውሃ መውረጃ አበጁለት፤ የፍሬውንም እብጥ እብጥ ገጽ የትም ውሃ እንዳይተኛበት አዘንብለው ጠረቡት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከመሬት ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታይም፤ እነሱ ግን ሠርተውታል።

ባለቤቱ ኋላ አሜሪካ ተሻግሮ የቨርጂኒያ የመጨረሻው የእንግሊዝ ንጉሥ አገረ ገዥ ሆነ። በ1775 በንጉሡ ላይ ካመፁ ጌቶቻቸው ከድተው ለንጉሡ ለሚዋጉ ባሮች ነጻነት ያወጀው እሱ ነው፤ ራሱም ባሮች ነበሩት።

ሕንጻው በ1974 ለስኮትላንድ ብሔራዊ የቅርስ ማኅበር ተሰጠ፤ ታድሶም ዛሬ ተከራይቶ ማደር ይቻላል። የመስታወት ቤቶቹ የሉም። የምትሄዱ ካላችሁ ዝናብ አይመልሳችሁ፤ ከሥሩ ቆማችሁ ውሃው ከቅጠል ቅጠል ሲወርድ ተመልከቱ።