የፎቶው ጀርባ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ማኅተም ነው።

አባቴ ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። ታጥበው የደረቁትን ፎቶዎች ደንበኛው ሳይወስዳቸው ገልብጦ ጀርባቸው ላይ ማኅተም ያሳርፍባቸዋል፦ ስሙ፣ ከሥሩ ከተማውና የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ፣ በወይን ጠጅ ቀለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራውን ለእኔ ይተውልኛል። ጠንክሬ ከተጫንሁት ቀለሙ ይፈስሳል፤ ካላላሁት የስሙ ጫፍ ይቀራል። ጫፉ ቀርቶ ካየ ይቆጣል። ለአንድ ጉርድ ፎቶ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

ካደግሁ በኋላ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ሳነብ ያንን ማኅተም እዚያ አገኘሁት። ሕጋችን ለደራሲና ለዜማ ደራሲ እጁ ሰፊ ነው። ሥራው የራስ ፈጠራ ከሆነና በወረቀት ወይም በካሴት ክር ላይ ከሰፈረ ጥበቃው ያኔውኑ ይጀምራል፤ ማስመዝገብም ግዴታ አይደለም። ፎቶግራፍ ላይ ሲደርስ ግን ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፦ የስብስብ አካል መሆን፣ በመጽሐፍ መታተም፣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ። ስምና አድራሻ! አባቴ አዋጁ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር።

የጥበቃው ዕድሜም ይለያያል። የገጣሚ መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። የፎቶግራፍ ግን ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ብቻ ነው። ይህ ያናድደኛል። አባቴ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲገፈፍ ለማንሣት ሦስት ጠዋት በብርድ ቆሟል። በዚያ ብርድ የተገኘ ሥራ ከግጥም በምን ያንሳል?

በ1974 ዓ.ም. ያነሣትን ያችን ፎቶ ባለፈው ዓመት በአንድ ሆቴል መግቢያ ላይ ግድግዳ አክላ አየኋት። ስም የላትም። ቆጠርሁ፤ 25 ዓመቱ በ1999 አልቋል። ስለ ገንዘብ የማነሣው ጥያቄ አልነበረኝም። ግን ሕጉ ከጥቅም መብት ለይቶ የሚያውቀው ሌላ መብት አለ፤ የሥራው አመንጪ ሆኖ በስም መታወቅ። እኔም የፈለግሁት እሱን ብቻ ነበር።

እግረ መንገዴን ለወጣት ፎቶ አንሺዎች አንድ ነገር ልበል። ሠርግ ወይም ምርቃት ተከፍሏችሁ ስታነሡ፣ በውል ሌላ ካልተስማማችሁ በቀር የመብቱ ባለቤት አሠሪው ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ተዋዋሉ። በስልክ የሚላክ ፎቶ ደግሞ ጀርባ የለውምና ስማችሁንና አድራሻችሁን ፊቱ ላይ፣ ጥግ ላይ አስፍሩ።

ወደ ሆቴሉ ልመለስ። ዋናውን ፎቶ ከአልበም አውጥቼ ወሰድሁና ለሥራ አስኪያጁ ገልብጬ ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አነበበው። ቀለሙ ፈዝዟል፤ የስሙ የመጨረሻ ፊደል የለም። ያኔ ያላላሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሥራ አስኪያጁ ሙሉ ስሙን ጠየቀኝና እስክሪብቶ አነሣ።