ደብረ ብርሃን ላይ ሩጫ ለመጀመር ላሰባችሁ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ የምናወራው ሮጦ ለማያውቅ ሰው ነው፣ ማለትም ለሜዳሊያ ምናምን ሳይሆን ትንፋሹ እንዲሻሻልለት፣ ክብደቱ ቀነስ እንዲልለት ወይ በቃ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ ሰውነቱ እንዲፍታታለት ለሚፈልግ ሰው።

እዚህ ከተማ ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ። ሰውየው አዲስ ቱታ ይገዛል፣ በጠዋት ይነሳል፣ ከበሩ እንደወጣ ቲቪ ላይ እንደሚያያቸው አትሌቶች ይፈተለካል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጎኑን ይዞ ያለከልካል፣ በነጋታው ባቱን አሞት ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ ከዛ "ሩጫ ለኔ አይሆንም" ብሎ ቱታውን ይሰቅለዋል። እኔ በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሰውየውን ያስቸገረው ሩጫው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ቀስ ቢል ኖሮ ይሮጥ ነበር።

[ምስል፦ የከተማው ዳር ሜዳ በጠዋት ጸሐይ]

መጀመሪያ አየሩን እንረዳው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ድርሻው የትም ቦታ ያው 21 በመቶ ነው፣ ግን ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ አንድ ጊዜ ስንተነፍስ የምናገኘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው በግምት ወደ 30 በመቶ ያንሳል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ለመደበኛ ኑሮው ለምዶታል፣ ሩጫ ሲሆን ግን ልቡ ያንን ጉድለት ለማካካስ ቶሎ ቶሎ መምታት አለበት። ሸዋሮቢት ወደ 1300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ስለዚህ እዛ አድጋችሁ ለስራ ወይ ለትምህርት ወደዚህ የወጣችሁ ልጆች መጀመሪያ አካባቢ ቢከብዳችሁ አትደንግጡ፣ አንድ ሁለት ሳምንት በእርምጃ ብቻ ተለማመዱት። መንዝ ያላችሁ ደሞ ደጋው ከ3000 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ከኛም የበለጠ ቀስ በሉ።

እሺ፣ ቀስ ማለት ምን ያህል ነው? መለኪያው ወሬ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር እየሮጣችሁ ሙሉ አረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ማውራት ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ አባታችን ሆይን ወይ የምታውቁትን ማንኛውንም ነገር ድምፅ አውጥታችሁ በሉ፣ በየቃሉ መሀል አየር የምትስቡ ከሆነ ፈጥናችኋል፣ ቀንሱ፣ ቀንሳችሁም ካልሆነ ተራመዱ። መራመድ ሽንፈት አይደለም፣ የልምምዱ አካል ነው። አንዳንዱ ሰው ሶምሶማው ከፈጣን እርምጃ ብዙም ሳይፈጥን ሲቀር ያፍራል፣ ግን ትልልቆቹ አትሌቶቻችን ራሳቸው እኮ እንጦጦና ሱሉልታ ጫካ ውስጥ ተሰልፈው በጣም ቀስ ብለው የሚሮጡባቸው ቀናት አሏቸው፣ ቲቪ ላይ የምናየው የውድድር ቀኑን ብቻ ስለሆነ ነው የሚመስለን።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። በሳምንት ሶስት ቀን ይበቃል፣ ለምሳሌ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ በመሀል የእረፍት ቀን መኖሩ ግዴታ ነው። ስትወጡ አምስት ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዛ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ይሄን ስምንት ጊዜ መደጋገም፣ መጨረሻ ላይ እንደገና አምስት ደቂቃ እርምጃ። የስልካችሁ ሰዓት ይበቃል፣ ምንም አፕ አያስፈልግም። ሁለት ሳምንት ከሰራችሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሶስት በአንድ፣ አምስት በአንድ እያላችሁ ስትሄዱ ከሁለት ሁለት ወር ተኩል በኋላ ብዙ ሰው ሳያቋርጥ 20 ወይም 30 ደቂቃ መሮጥ ይችላል። አንዱ ሳምንት ከከበዳችሁ ድገሙት፣ የሚያሯሩጣችሁ የለም።

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱም ሶስተኛ አራተኛ ሳምንት ላይ ትንፋሻችሁ ቶሎ ስለሚስተካከል "አሁንማ በየቀኑ ልሩጥ" የሚል ሀሳብ ይመጣል። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይለምዳሉ፣ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ፣ እና አብዛኛው ጀማሪ የሚጎዳው በዚህ ልዩነት ነው። የተለመደው ቅልጥም ላይ በውስጥ በኩል የሚመጣ ህመም ነው። በጣታችሁ እየተጫናችሁ ከላይ ወደ ታች ፈትሹት፣ ህመሙ አጥንቱን ተከትሎ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሩጫውን ቀንሳችሁ ጥቂት ቀን ስታርፉ ይሻለዋል፣ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ስትነኩት የሚያስጮህ ከሆነና ማታ ተኝታችሁም የሚያም ከሆነ ግን አጥንቱ ሊሰነጠቅ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ታሽቶ የሚለቅ ነገር አይደለም።

[ምስል፦ ባህር ዛፍ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሮጥ ሰው]

የት እንሩጥ? ከቻላችሁ ከአስፓልት ውጡ። የኛ አካባቢ ሜዳ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፣ ይሄ ትልቅ እድል ነው፣ የባህር ዛፉ ውስጥም መሬቱ ለስለስ ያለ ነው፣ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ መሮጥ ደሞ በግድ ፍጥነት ያስቀንሳል፣ ጉቶና ስር እያያችሁ ብቻ። አንኮበር በኩል ያላችሁ ዳገቱን ተራመዱት። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት ለመጀመሪያዎቹ ወራት ባትሞክሩት ይሻላል፣ ቁልቁለት ለትንፋሽ ቀላል ነው ግን ጭንና ጉልበትን ይፈጃል።

ስለ ጫማ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው "አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ የሮጠው" የሚለው ነው። ልክ ነው፣ አበበ የዚሁ የኛ አካባቢ ሰው ነው፣ መንዲዳ አጠገብ ጃቶ ነው የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቶ አሸንፏል። ግን አበበ ያደገው በባዶ እግሩ ነው፣ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠንክሯል፣ ሙሉ እድሜውን ጫማ ያደረገ ሰው አንድ ቀን ተነስቶ እንደዛ ላድርግ ቢል ይጎዳል። በነገራችን ላይ አበበ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ የሮጠው ጫማ አድርጎ ነው፣ እዛም አሸንፏል።

ውድ ጫማ አያስፈልግም፣ ሰልባጅ ውስጥ ጥሩ የሩጫ ጫማ ይገኛል፣ ማየት ብቻ ይፈልጋል። በእጃችሁ ያዙትና እጠፉት፣ መታጠፍ ያለበት ጣት ጋ ነው፣ መሀሉ ላይ እንደ ወረቀት እጥፍ ካለ ተዉት። ስፖንጁን ከጎን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት፣ ትንሽ ገባ ብሎ መመለስ አለበት፣ ላዩ አዲስ የሚመስል ግን ስፖንጁ የደረቀ ጫማ ብዙ አለ። ከዛ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ የበፊቱ ባለቤት አረማመድ ቀርቶበታል ማለት ነው። ስትለኩት ከአውራ ጣታችሁ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ይትረፍ፣ ከሰዓት በኋላ ግዙ፣ እግር ሲውል ያብጣል። ታኬታ ለኳስ ነው፣ ለዚህ አይሆንም።

ብርዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ሳይነሳ መውጣት አያስፈልግም፣ ጸሐይ ከወጣች በኋላ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ውጡ፣ ጨለማ ውስጥ ጅብም ውሻም አለ። አንድ ወፍራም ጃኬት ከምታደርጉ ሁለት ስስ ልብስና ኮፍያ ይሻላል፣ ስትነሱ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ስትጨርሱ ላብ ያረጠበውን ካናቴራ ወዲያው ቀይሩ፣ ጋቢያችሁን ደርቡ። ውሻ ከመጣባችሁ ሩጫውን አቁሙ፣ ጀርባ ሳትሰጡ ቀስ ብላችሁ ራቁ።

ከብርዱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስቀረው ግን "ሰው ምን ይለኛል" ነው። ልጆች "ኃይሌ! ኃይሌ!" ብለው ይከተላሉ፣ እናንተም ሳታስቡት ፍጥነት ትጨምራላችሁ፣ አትጨምሩ፣ እጃችሁን አውለብልቡና በራሳችሁ ፍጥነት ቀጥሉ። ለሴቶች ደሞ የበለጠ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ ሁለት ሶስት ሆናችሁ ውጡ፣ የምትሄዱበትን መንገድ ቤት ተናገሩ፣ ሰፋ ያለ ሱሪና ረዘም ያለ ሹራብ ለሩጫ ምንም አያስቸግርም። ጌጤ ዋሚ እኮ ጫጫ ነው ያደገችው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፣ በ2006 እና በ2007 በርሊን ማራቶንን አሸንፋለች። እነዚህ ሜዳዎች የሴቶችም ናቸው።

ጾም ላይ፣ ለምሳሌ ሁዳዴ፣ እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ሰዎች ጠዋት ላይ ከእርምጃ አትለፉ፣ ሩጫውን ከበላችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ሳይመሽ አድርጉት፣ በነዚያ ሳምንታት ደቂቃ አትጨምሩ፣ ያላችሁበትን መያዝ በቂ ነው። በሶ በውሃ በጥብጣችሁ ብትጠጡ ከሩጫ በኋላ እሱን የሚያክል ነገር የለም። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ችግር ያለባችሁ ወይም በእድሜ ገፋ ያላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ማንም ይሁን ማን ደረቱን ከጨመቀው ወይም ራሱን ካዞረው እዛው ማቆም አለበት።

ለሁለት ሳምንት ብታቋርጡ፣ በህመምም በለቅሶም በስራም ሊሆን ይችላል፣ ካቆማችሁበት አትነሱ፣ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። 30 ደቂቃው ከሞላላችሁ በኋላም መጀመሪያ የሚጨመረው ደቂቃ ነው፣ ፍጥነት ይቆያል፣ እንደዛ እያላችሁ ከሄዳችሁ አዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ የሚደረገው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎሜትር ጥሩ እቅድ ነው፣ እሱም ከዚህ ዝቅ ያለ ከፍታ ላይ ስለሆነ ትንፋሹ ይቀላችኋል። የጀመራችሁ ሰዎች ስንተኛ ሳምንት ላይ እንደደረሳችሁና ምን እንዳስቸገራችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።